ጩኸትን በሣጥን መቆለፍ፦ ዝምታ ስንት ያወጣል?

ዛሬ ከዕለቱ ፖለቲካ ጥቂት ፈቀቅ እንበል። ብዙ ግን አንርቅም፤ የምናወራው ስለ ጎረቤት፣ ስለ ግድግዳ እና «የሥራ መሣሪያ ያለው ሁሉ መሥራት ይችላል ወይ?» ስለሚለው ጥያቄ ነውና። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከአንድ የእንጨት ሣጥን ይጀምራል። መጠኑ ከትልቅ የልብስ ሣጥን ብዙም አይበልጥም። ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ ለብሷል። በአንዱ ጫፍ የጊታር ስፒከር ተቀምጧል፤ ከስፒከሩ ፊት አንድ ማይክሮፎን ቆሟል። ክዳኑ ይዘጋል፣ ይቆለፋል። ጊታሪስቱ ከሣጥኑ ውጪ፣ አንዳንዴም ሌላ ክፍል ሆኖ ይጫወታል። ስፒከሩ እዚያ ውስጥ ታፍኖ ይጮኻል፤ ማይክሮፎኑ ጩኸቱን ተቀብሎ ለመቅረጫው ያቀብላል፤ ሙዚቀኛው በጆሮ ማዳመጫ ይሰማዋል። ጎረቤት ግን፣ ሥራው ከተሳካ፣ አይሰማም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሙዚቀኞች እንዲህ ያለውን ሣጥን ለዓመታት በገዛ እጃቸው፣ በመጋዝና በመዶሻ፣ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል። ሲያዩት የቅዳሜ ከሰዓት የአናጺ ጨዋታ ይመስላል። ታሪኩን ስንከተል ግን አንድ ትልቅ ነገር እናገኛለን። ባለፉት 80 ዓመታት የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ከትልልቅ ኩባንያዎች ሕንፃ ወጥቶ ወደ ተራ ሰው ቤት ገብቷል። ዋጋውም ወርዷል። አብሮት ያልመጣ፣ ዋጋውም ያልወረደ አንድ ነገር አለ፦ ዝምታ። «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ የገበያ ዋጋ ይሆናል።

ሣጥኑ ከጊታር በፊት

ማይክሮፎን ባለበት ቦታ ጩኸታም ነገርን ሣጥን ውስጥ የመክተት ሐሳብ ከጊታሪስቶች በፊት የፊልም ሠሪዎችን ደጅ አንኳኩቷል። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ካሜራው ቢንኳኳ ቢያንቋርር ማንም ግድ አልነበረውም። በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» ወጥቶ ሆሊውድ ወደ ተናጋሪ ፊልም ሲዞር ግን ማይክሮፎኑ ከተዋናዩ ንግግር ጋር የካሜራውን ኳኳታ ጭምር ይቀዳ ጀመር።

መፍትሔው ካሜራውን ከነካሜራማኑ መስታወት ባለው ድምፅ የማያስወጣ ክፍል ውስጥ መዝጋት ነበር። ሠራተኞቹ ያንን ክፍል «የበረዶ ሣጥን» ይሉት ነበር። ስሙ የበረዶ ይሁን እንጂ ውስጡ ምድጃ ነበር፤ አየር የማያስገባ ነገር ሙቀትም አያስወጣም። ከዚህም በላይ ካሜራው እንደ ልቡ መንቀሳቀስ አልቻለም። የእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ተናጋሪ ፊልሞች ብዙዎቹ ቆመው የቀሩ የሚመስሉት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ቀስ በቀስ ግን ሰውየውን ነፃ አውጥተው ካሜራውን ብቻ የሚሸፍን ልባስ ሠሩለት።

ከዚያ ዘመን ሁለት ትምህርቶች ቀርተዋል። አንደኛው፣ ጩኸትን ለማፈን ሙሉ ክፍል መሥራት የግድ አይደለም፤ የሚጮኸውን ዕቃ ብቻ መሸፈን ይቻላል። ሁለተኛው፣ የታፈነ ነገር ዋጋ ይከፍላል፤ ወይ ይሞቃል፣ ወይ እንቅስቃሴው ይገታል፣ ወይ ድምፁ ይለወጣል። የጊታር ሣጥን ከዚህ ሕግ አላመለጠም።

ጊታር ድምፁን ከፍ ሲያደርግ

ቤት ውስጥ የመቅረጽን ታሪክ ያለ ሌስ ፖል ማውራት አይቻልም። ይህ አሜሪካዊ ጊታሪስት በ1940ዎቹ ሆሊውድ በሚገኘው ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የራሱን ስቱዲዮ ሠራ። የሸክላ መቅረጫውን ራሱ ገጣጠመው፤ ሸክላው ሳይወዛወዝ እንዲዞር ከካዲላክ መኪና ሞተር የወጣ ከባድ የብረት ክብ ተጠቀመ። በ1948 ካፒቶል ያወጣለት «ላቨር» የተባለ ሥራ ስምንት ጊታሮች የሚጫወቱበት ነበር፤ ስምንቱንም የተጫወተው እሱ ብቻውን፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ነው። በ1951 ከባለቤቱ ከሜሪ ፎርድ ጋር የሠራው «ሃው ሃይ ዘ ሙን» በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ለዘጠኝ ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

ሌስ ፖል ከጎረቤት ጋር ብዙ የማያጣላ ዘዴ ነበረው፦ ጊታሩን በሽቦ በቀጥታ ወደ መቅረጫው ያስገባ ነበር። ስፒከርም፣ በአየር ላይ የሚሄድ ጩኸትም አያስፈልገውም። ታዲያ ሌሎቹ ለምን እንዲሁ አላደረጉም? መልሱ ከ10 ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ይገኛል።

በ1962 ጂም ማርሻል የተባለ የከበሮ መምህርና የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ በለንደኑ ሃንዌል ሱቁ ከባልደረቦቹ ጋር የጊታር አምፕሊፋየር መሥራት ጀመረ። በ1965 እንደ ዘ ሁ ላሉ ባንዶች 100 ዋት የሚያወጡ አምፕሊፋየሮች ደረሱ። እነዚህ መሣሪያዎች በውስጣቸው አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቲዩቦች ነበሯቸው። ቲዩቡን ከአቅሙ በላይ ስትገፋው የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል፤ ከዚያም ሻካራ፣ የሚያለቅስ፣ ረጅም ትንፋሽ ያለው ድምፅ ይወጣል። ሮክ ብለን የምናውቀው ሙዚቃ ግማሽ ነፍሱ ይኸው ነው።

በ1966 የወጣው የጆን ሜያል «ብሉዝ ብሬከርስ» አልበም የዚህ ማስረጃ ነው። ኤሪክ ክላፕተን በለንደን ዌስት ሃምፕስቴድ በነበረው የዴካ ስቱዲዮ ሲቀረጽ አምፕሊፋየሩን መድረክ ላይ እንደሚያደርገው ከፍቶ ካልተጫወተ እንደማይሆን አጥብቆ ያዘ። በዘመኑ የነበረው የስቱዲዮ ልማድ ጊታሪስቱን «ቀንስ» የሚል ነበር። እሱ ግን ሊቀንስ አልቻለም፤ ቢቀንስ የሚጠፋው ከፍታው ብቻ ሳይሆን ድምፁ ራሱ ነበር።

ነጥቡ ይኸው ነው። የጊታሪስት ጩኸት የጉራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚፈለገው ድምፅ የሚወለደው ማሽኑ ሲጨነቅ ነው፤ ማሽኑ ሲጨነቅ ደግሞ ቤቱም ጎረቤቱም ይጨነቃል።

ግድግዳው የማን ነበር?

በዚያ ዘመን ይህን ችግር የሚፈታው ግድግዳ ነበር፤ ግድግዳው ደግሞ የኩባንያ ነበር። በለንደን አቢ ሮድ ላይ የነበረን ትልቅ መኖሪያ ቤት የግራሞፎን ኩባንያ በ1929 ገዝቶ፣ ከኋላው ግዙፍ አዳራሽ ሠርቶ በ1931 ስቱዲዮ አድርጎ ከፈተው። እንዲህ ያለ ቦታ መቅረጫው ብቻ አይደለም ውድ የነበረው። ወፍራም ግድግዳው፣ ድርብ በሩ፣ ከፍ ያለው ጣሪያ፣ መሣሪያዎችን ከመሣሪያዎች የሚለየው ተንቀሳቃሽ መከለያ ሁሉ ሀብት ነበር። ሙዚቀኛ ሰዓት ተቆጥሮለት ይገባል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ይወጣል። እዚያ ውስጥ መጮኽ መብት ነው። ደጁ ላይ ሲወጣ መብቱ ያበቃል።

ይህን ግድግዳ በራሳቸው መንገድ የዘለሉት ነበሩ። ቤሪ ጎርዲ በ1959 ከቤተሰቡ የቁጠባ ማኅበር፣ የእኛን ዕቁብ በሚያስታውስ አሠራር፣ 800 ዶላር ተበድሮ ሞታውንን መሠረተ። ዲትሮይት በሚገኘው ዌስት ግራንድ ቡልቫርድ ላይ መኖሪያ ቤት ገዝቶ ስቱዲዮ አደረገው፤ ጣሪያ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ለገደል ማሚቶ ተጠቀመበት። ኤሌክትሪክ ጊታሮቹና ባሱ እንደ ሌስ ፖል በቀጥታ በሽቦ ወደ መቅረጫው ሰሌዳ ይገቡ ነበር። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከበሮ፣ ፒያኖና ዘፋኝ አብረው ሲሠሩ ድምፅ ከድምፅ እንዳይቀላቀል ያገዛቸው አንዱ ነገር ይህ ነው። ልብ እንበል፦ የቤት ስቱዲዮ ገና ከጅምሩ የጩኸት ፖለቲካ ነበረበት፤ ማን ድምፁን ይቀንሳል፣ ማን ይከፍታል የሚል።

ሆሎዌይ ሮድ ቁጥር 304

ጎረቤት የሚባለው ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ መራራ ሆኖ የሚገባው በጆ ሚክ በኩል ነው። ሚክ ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ወጥቶ በሰሜን ለንደን ሆሎዌይ ሮድ ቁጥር 304፣ ከአንድ የቆዳ ዕቃ መሸጫ ሱቅ በላይ ባሉ ፎቆች የተከራየ የድምፅ ባለሙያ ነበር። የኩባንያ ግድግዳ ስላልነበረው ቤቱን ራሱን ግድግዳ አደረገው። አንዱን ሙዚቀኛ ክፍል ውስጥ፣ ሌላውን ደረጃ ላይ፣ ዘፋኙን መታጠቢያ ቤት እያስቀመጠ ይቀርጽ ነበር።

ከዚያ ቤት በ1962 «ቴልስታር» ወጣ። የተጫወቱት ዘ ቶርኔዶስ የአሜሪካን ሰንጠረዥ በአንደኝነት የያዙ የመጀመሪያው የብሪታንያ ባንድ ሆኑ፤ ቢትልስ ገና አሜሪካ አልደረሱም ነበር። በ1964 የወጣው የሃኒኮምብስ «ሃቭ አይ ዘ ራይት» ላይ የሚሰማው የእግር ምት ደግሞ ሙዚቀኞቹ የቤቱን የእንጨት ደረጃ በእግራቸው ሲደበድቡ የተቀዳ ነው። ማይክሮፎኖቹ ከደረጃው መደገፊያ ጋር የታሰሩት በብስክሌት ነጂ የሱሪ መያዣ ነበር።

ከታች ሱቁን የያዙት አከራዩ ቫዮሌት ሼንተን ጩኸቱ ሲበዛባቸው በመጥረጊያ እጀታ ጣሪያውን ይደበድቡ እንደነበር፣ ሚክ ደግሞ በብስጭት ድምፁን ይበልጥ ይከፍት እንደነበር ይተረካል። በጥር መጨረሻ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1967፣ ሚክ በዚያው ቤት አከራዩን በጠመንጃ ገደለ፤ ወዲያው ራሱንም አጠፋ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህን ሞት ያመጣው የጊታር ጩኸት ነው ማለት ታሪክን ማጣመም ይሆናል። ሚክ በዕዳ ተይዞ ነበር፤ አእምሮውም ታሞ ነበር። የ«ቴልስታር» ገቢ አንድ ፈረንሳዊ የዜማ ደራሲ ባቀረበበት ክስ ታግዶበት፣ ፍርዱ ለሚክ የተሰጠው ከሞተ ከሳምንታት በኋላ ነው። ቢሆንም ያ ቤት አንድ ነገር ያሳየናል። የሥራ ቦታና የመኖሪያ ቦታ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲጨናነቁ፣ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ግድግዳ ሳይኖር ሲቀር፣ ከላይ ያለውም ከታች ያለውም ሰው ይጎዳል። ሴትዮዋ ጣሪያውን ሲደበድቡ የጥበብ ጠላት ሆነው አልነበረም። ሱቃቸው ውስጥ መሥራት የፈለጉ ሰው ነበሩ። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት የእሳቸውን ወገን ነው።

መሐንዲሱና ምድር ቤቱ

ጩኸትና ቤት ሊታረቁ የሚችሉበትን መንገድ በሰፊው የፈለገው ደግሞ መሐንዲስ ነው። ቶም ሾልዝ በኤምአይቲ የተማረ፣ ቀን ቀን ፖላሮይድ ኩባንያ የሚሠራ፣ ማታ ማታ በማሳቹሴትስ ዋተርታውን በሚገኝ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሙዚቃ የሚቀርጽ ሰው ነበር። ኤፒክ የተባለው ኩባንያ ሲያስፈርመው ሥራውን በባለሙያ ስቱዲዮ እንደ ገና እንዲቀርጸው ፈለገ። ሾልዝ ግን ምድር ቤቱን አልለቅም አለ። ፕሮዲዩሰሩ ጆን ቦይላን ዘዴ ዘየደ፦ የተቀሩት የባንዱ አባላት ሎስ አንጀለስ ሄደው ሲቀረጹ፣ ሾልዝ እዚያው ምድር ቤት ሆኖ አብዛኛውን ሥራ ጨረሰ። በ1976 የወጣው የቦስተን የመጀመሪያ አልበም በአሜሪካ ብቻ የ17 ሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫ አግኝቷል።

ሾልዝ በ1980 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። የመጀመሪያ ዕቃው «ፓወር ሶክ» ይባል ነበር፤ በአምፕሊፋየሩና በስፒከሩ መካከል ገብቶ ትርፍ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። አምፕሊፋየሩ እንደ ልቡ ይጨነቃል፤ ስፒከሩ ግን ዝቅ ብሎ ይናገራል። በ1982 ደግሞ «ሮክማን» የተባለ፣ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማ የጊታር መሣሪያ አወጣ። በ1987 የወጣው የዴፍ ሌፐርድ «ሂስቴሪያ» አልበም የጊታር ድምፁ በአብዛኛው ከዚያች ትንሽ ዕቃ የመጣ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ሌላ በር ተከፈተ። በ1979 ታስካም «ፖርታስቱዲዮ 144» የተባለ፣ በተራ ካሴት ላይ አራት ድምፆችን ለየብቻ የሚቀርጽ መሣሪያ አቀረበ። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 መጀመሪያ ኒው ጀርሲ በሚገኝ ቤቱ መኝታ ክፍል በዚህ መሣሪያና በሁለት ማይክሮፎኖች «ኔብራስካ»ን ቀረጸ። ለሙከራ ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ካሴቱ ራሱ አልበም ሆኖ ወጣ። ስቱዲዮ ማለት ሕንፃ ነው የሚለው እምነት በዚያ ዓመት ክፉኛ ተነቃነቀ።

ነገር ግን «ኔብራስካ» በአብዛኛው ድምፅ፣ ተራ ጊታርና ሃርሞኒካ ነው። መኝታ ቤት ያንን ይችላል። 100 ዋት አምፕሊፋየር ግን አይችልም። ካሴት መቅረጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ማይክሮፎኑ ተገዝቷል፣ ጊታሩ አለ። የጎደለው መጮኽ የሚፈቀድበት ቦታ ብቻ ነው። በእጅ የተሠራው ሣጥን የገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሣጥኑ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም?

በመጀመሪያ የጠላትን መጠን እንወቅ። የድምፅን ኃይል በዴሲቤል እንለካለን። የተለመደ ወግ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ብዙ የጊታር ስፒከሮች ግን በ1 ዋት ብቻ፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ 100 ዴሲቤል ይጠጋሉ። «እንግዲያው አነስተኛ አምፕሊፋየር ልግዛ» የሚል ሰው ሌላ እንቅፋት ይገጥመዋል፦ ከ100 ዋት ወደ 10 ዋት መውረድ የሚቀንሰው 10 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ይህን የሚሰማው እንደ ግማሽ ነው። ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ጩኸቱ በግማሽ ብቻ ይቀንሳል ማለት ነው።

ሣጥን ሠሪው ሦስት ሕጎችን ማክበር አለበት።

የመጀመሪያው ክብደት ነው። ድምፅን የሚያቆመው ከባድ ነገር እንጂ ለስላሳ ነገር አይደለም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ በዓለም ሁሉ የተስፋፋ ልማድ ነው፤ ጎረቤትን ግን ከምንም አያድንም። ስፖንጅም ቢሆን የውስጡን ማስተጋባት ያለዝባል እንጂ ድምፁ ወደ ውጪ እንዳይወጣ አያግድም። የሚያግደው ወፍራም ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍ ወይም ጂፕሰም ቦርድ ነው። እዚህም ላይ ሕጉ ንፉግ ነው፦ የግድግዳውን ክብደት እጥፍ ብታደርገው የምታገኘው ወደ 6 ዴሲቤል ገደማ ነው። እንጨቱን እጥፍ ገዝተህ ጩኸቱ በግማሽ እንኳ አይቀንስም። 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ በካሬ ሜትር 13 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 1 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሴንቲሜትር ወርድና ቁመት ያለው ባለ አንድ ንብርብር ሣጥን ብቻውን 40 ኪሎ ያልፋል።

ሁለተኛው መለያየት ነው። ክብደት ብቻውን ስለማያዋጣ ብልሆቹ ሣጥን ውስጥ ሣጥን ይሠራሉ። በሁለቱ መካከል አየር ይተዋሉ፤ ሁለቱ እንዳይነካኩም ውስጠኛውን በጎማ ላይ ያስቀምጡታል። ወለሉንም መርሳት አይገባም። የባስ ንዝረት በአየር ብቻ አይሄድም፤ በእግር ገብቶ በሲሚንቶ ወለል ተጉዞ ታች ያለው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ይወጣል።

ሦስተኛው ቀዳዳ ነው። ይህ ብዙዎችን የሚያዋርድ ሕግ ነው። ከሣጥኑ ገጽ 1 በመቶው ብቻ ክፍት ቢሆን፣ የተቀረው 99 በመቶ ከብረት ቢሠራ እንኳ፣ ሣጥኑ ከ20 ዴሲቤል በላይ መቀነስ አይችልም። ስለዚህ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ በሲልኮን ይደፈናል፤ የክዳኑ ዙሪያ ጎማ ይለብሳል። ጎረቤት ድረስ የሚሄደው ድምፅ የሚያልፈው ወፍራሙን ግድግዳ ጥሶ ሳይሆን በተረሳችው ስንጥቅ ሾልኮ ነው። ይህን ከእንጨት ሥራ ውጪ ላሉ ነገሮችም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ሁሉም ከተሟላ በኋላ የፊልሞቹ «የበረዶ ሣጥን» ዕዳ ይመጣል። ቲዩብ ያለው አምፕሊፋየር አየር ከሌለው ሣጥን ውስጥ ቢቆለፍ ይግላል፤ አደጋም አለው። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ውጪ ይቀራል፤ ውስጥ የሚገባው ስፒከሩ ብቻ ነው። ድምፁም ይለወጣል። የጊታር ዝቅተኛው ክር ወደ 82 ሄርዝ ነው፤ የዚህ ድምፅ አንድ ሞገድ 4 ሜትር ያህል ይረዝማል። እንዲህ ያለ ሞገድ 60 ሴንቲሜትር ሣጥን ውስጥ ተዘርግቶ መተኛት አይችልም። 60 ሴንቲሜትር ተራርቀው በቆሙ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ደግሞ 285 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እየተመላለሰ ይገነፍላል። ውጤቱ «ሣጥን ሣጥን የሚል» ድምፅ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰዎች ሠርተውት፣ ደክመውበት፣ ጎረቤትን ካስደሰቱ በኋላ የቀረጹትን ሲሰሙ ፊታቸው የሚጠቁረው።

ታዲያ ለምን ሠሩት? ከሣጥኑ የሚወጣው ድምፅ ከስቱዲዮ ስለሚበልጥ አይደለም። ያለ ሣጥኑ ጨርሶ መቅረጽ ስለማይችሉ ነው። የድሃ መፍትሔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፦ ፍጹም ባይሆንም በር ይከፍታል።

ችግሩ ተፈታ ወይስ ዞረ?

በ1998 ላይን ሲክስ የተባለ ኩባንያ «ፖድ» የተባለች፣ ቀይ ባቄላ የምትመስል ትንሽ መሣሪያ አወጣ። የታወቁ አምፕሊፋየሮችን ድምፅ በኮምፒውተር ስሌት ትመስላለች፤ ምንም ሳትጮኽ። ዛሬ ያ ስሌት በላፕቶፕም በስልክም አለ። ብዙ ወጣት ጊታሪስቶች እውነተኛ ቲዩብ አምፕሊፋየር ሳይነኩ ይቀርጻሉ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ሌስ ፖል ሽቦ ተመልሷል ማለት ይቻላል። «ሣጥኑ ሞተ» የሚሉ አሉ።

ለጊታር እውነት ሊሆን ይችላል። ለሰው ድምፅ ግን አይደለም። ለክራር፣ ለማሲንቆ፣ ለዋሽንት፣ ለከበሮም አይደለም። እነዚህ አየር ይፈልጋሉ፤ ማይክሮፎን ይፈልጋሉ፤ ማይክሮፎን ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል። ችግሩ አልተፈታም፤ አቅጣጫውን ነው የቀየረው። የትናንቱ ጊታሪስት የራሱን ጩኸት ከጎረቤት ይደብቅ ነበር። የዛሬው ወጣት ማይክሮፎኑን ከጎረቤት፣ ከጄኔሬተር፣ ከመንገድ፣ ከግንባታ ጩኸት ይደብቃል። በኮንዶሚኒየም ብሎኬት ግድግዳ መካከል ዘፈን፣ ፖድካስት ወይም የመጽሐፍ ትረካ ለመቅረጽ የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፦ ብርድ ልብስ መስቀል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ መግባት፣ ሌሊት 8 ሰዓት መጠበቅ። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ አፓርትመንት የሚኖረው ወገናችንም ግድግዳው ሌላ ይሁን እንጂ ጣጣው ያው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ፖለቲካው እንመለስ። ስለ ፈጠራ ኢኮኖሚ፣ ስለ ዲጂታል ወጣት ስናወራ ሁልጊዜ የምንቆጥረው መሣሪያ ነው፦ ስንት ስልክ፣ ስንት ላፕቶፕ፣ ስንት ኢንተርኔት። የዚህ ሣጥን ታሪክ ግን መሣሪያ ግማሽ መንገድ መሆኑን ይነግረናል። ከ1979 በኋላ መቅረጫ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ብዙዎችን ያገታቸው ቦታ ማጣት ነው። መሣሪያን ገበያ ያረክሰዋል። ዝምታን ግን ገበያ አያረክሰውም፤ ከተማ በተጠጋጋ ቁጥር ይወደዳል። ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ዝምታን ከነቤቱ ይወርሳል። አንድ ክፍል ውስጥ ከነቤተሰቡ የሚኖረው ግን ተሰጥኦው እኩል ቢሆን እንኳ ድምፁን ንጹሕ አድርጎ ማስመዝገብ አይችልም። ይህ የሀብት ልዩነት ነው፤ ማንም ስለማያየው ግን ማንም አይቆጥረውም።

በሌላ በኩል የጎረቤትን ወገን መርሳት የለብንም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1225 ባለ ንብረት ሁሉ ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል፤ ጭስን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና ንዝረትን ከመልካም ጉርብትና ወሰን እንዳያሳልፍ ይከለክላል። ከ60 ዓመት በላይ የኖረ ሕግ ነው። በየሰፈራችን ስንቱ ያውቀዋል? ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ የሚነግደውስ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጨፍረውስ ያውቀዋል? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እያልን የምንተርት ሕዝብ የቅርቡን ጎረቤት እንቅልፍ የምናከብረው ስንቶቻችን ነን?

የእንጨት ሣጥኑን የማከብረው በዚህ ምክንያት ነው። ሣጥን የሠራው ሙዚቀኛ ከሁለት መጥፎ መንገዶች አምልጧል። «ጥበቤ ነው፣ ቻሉት» ብሎ ሰፈር አልረበሸም፤ «ጎረቤት አለ» ብሎም ሥራውን አልተወም። ገደቡን በራሱ ላይ ጣለ፤ ወጪውን ራሱ ከፈለ፤ ለጩኸቱም ቤት ሠራለት። ሌሎችን ዝም በሉ ከማለት በፊት የራስን ጩኸት ማጠር ትልቅ ጨዋነት ነው።

ሁሉም ሰው ግን አናጺ መሆን የለበትም። በየወረዳው የወጣት ማዕከል አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። በየአንዳንዳቸው አንዲት ጠባብ ክፍል ድርብ ግድግዳና የማያፈስ በር ብታገኝ፣ ልጆቻችን ተራ ይዘው የሚቀርጹባት ብትሆን፣ ወጪው ከአንድ የበዓል ድንኳንና የድምፅ ማጉያ ኪራይ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ለጩኸት በጀት ያላጣን ሰዎች ለዝምታም ጥቂት እንመድብ።

ሐሳባችሁን ከታች አስፍሩ። ያልተስማማችሁም ጻፉ፤ እዚህ ቤት መጮኽ ይፈቀዳል።

ቸር ሰንብቱ።